በንጹሕ መሣሪያ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ማራኪ፣

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጴጥሮስ፣ ልጁ፣ እማዬም ደህና ናችሁ ብዬ አስባለሁ። እኔ አለሁ።

ስልኬን ለምን እንደማላነሳ በወንዳፈረው አስጠይቀሽኛል። ታምሜ አይደለም፤ ተጣልቼሽም አይደለም። ታካሚዎች እየደወሉ "ዶክተር፣ መቼ ትገቢያለሽ?" ሲሉኝ የምመልሰው ስላጣሁ ነው ያጠፋሁት። ያንቺ ስልክ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዘው በር ላይ ወጥተሽ ነው፤ በርሽ ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አለ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ወንዳፈረው ሚኒባሱን ይዞ ከመናኸሪያ ሲነሳ እሰጠዋለሁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሥራ አቁሚ ተብያለሁ። በነሐሴ ሚክያስን አዝለሽ የመጣሽ ቀን ያደረግኩትን ነገር፣ ክሊኒኩ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ሂሩት ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አመልክታለች። መጥሪያው "በሕክምና ቦታ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በመፈጸም" ይላል። ከጸናብኝ የሙያ ፈቃዴን ያሳጡኛል፣ ማለትም የጥርስ ሐኪም መሆኔ ይቀራል። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ እንዴት እንደነበረ ላስታውስሽ። ልጁ ተቅማጥና ትኩሳት ነበረው። አንቺና እማዬ "ድዱ አብጧል፣ የወተት ጥርሱ ነው፣ ውስጡ ትል አለ፣ ይነቀልለት" አላችሁ። እኔ ትል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ገና ያልወጣ ክራንቻ እንደሆነ፣ ለተቅማጡ የሚጠጣው ፈሳሽ እንደሚበቃው ነገርኩሽ። ፈሳሹንም በጥብጬ ሰጠሁሽ። አንቺ ልጁን መልሰሽ እያዘልሽ "እንግዲያው ከመኪና እንደወረድኩ ወደ ታንጉት ነው የምሄደው" አልሽኝ። ታንጉት የምትነቅለው በተሳለ ሽቦ እንደሆነ አውቃለሁ። የስንቱን ሕፃን አፍ በዚያ ሽቦ እንደበሳችም አውቃለሁ። ቢያንስ በንጹሕ መሣሪያ ይሁን አልኩና ድዱን አደነዘዝኩት፣ አወጣሁት። ሁሉን ነገር በደንብ ነው የሠራሁት፤ መሠራት ያልነበረበትን ነገር።

ሂሩትን አልተቀየምኳትም። ያየችውን ነው የጻፈችው። እኔ ምንም አይሰማኝም። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ለብሼ ቁጭ እላለሁ።

የልጁ ድድ እንዴት ሆነ?

እህትሽ ጵርስቅላ


ሺንሺቾ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጵርስዬ፣ የኔ ዓለም፣

ወይኔ እህቴን! ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እኔ ልደፋልሽ! ሥራ አቁሚ ማለት ምን ማለት ነው? የሆሳዕና ሰው ጥርሱን ሲያመው ማን ጋ ሊሄድ ነው፣ ሂሩት ጋ? ያቺ ነርስ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ የዚያን ቀን ልጁን እያባበለች ስትስቅልኝ ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ሞኟ "እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት" ብዬ መርቄያታለሁ። ምርቃቴን ትመልስልኝ።

ልጁን ጠየቅሽኝ። ድዱ ገጥሟል። ወፍሯል፣ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ወደ አፉ ነው፤ ትናንት የጴጥሮስን ጠመኔ በልቶ ነጭ ሆኖ ተገኘ። የመምህሩ አባቱ ጠመኔ ከማስተማሪያነት ይልቅ ለልጁ ቀለብ ሆኗል ብዬ ስቄበታለሁ። ተቅማጡም ትኩሳቱም እዚያው ሳምንት ላይ ጠፍቷል። አንቺ ፈሳሹ ነው ያዳነው ትያለሽ፤ እማዬ ደግሞ "መነቀሉ ነው፣ አላልኩም?" እያለች ከጸሎት ስትወጣ ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ፤ ልጄ ድኗል፣ በቃኝ። ጎረቤቴ ሊያ፣ ሴት ልጅ የወለደችው፣ መጥታ አፉን ከፍታ አየችና "የዶክተር እጅ እኮ ይለያል" ብላ ሄደች።

አሁን ስሚኝ። ከጴጥሮስ ጋር ተማክረናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተማከርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ዝም ነው ያለው። ከጠሩኝ ታንጉት ናት የነቀለችው እላለሁ። አንቺ ደሙ አልቆም ሲል ቁስሉን ብቻ ነው ያከምሽው። ታንጉት እንደሆነች ዕድሜ ልኳን ስትነቅል ኖራለች፤ አንድ ቢጨመርባት ምን ትሆናለች? ፈቃድ የላት፣ ማን ምን ይነጥቃታል?

ይሄን ስጽፍ አላፈርኩም። ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ፣ እኔው ልመልሰው። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም፤ "ጵርስቅላ ስልጠና ላይ ናት" ብያታለሁ።

ቡላ ልኬልሻለሁ። ወንዳፈረው እንደ ባለፈው መኪናው ውስጥ ረስቶት ዱራሜ ካደረሰው ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ብዪ እንጂ! ካልበላሽ መጥቼ አጎርስሻለሁ።

ማራኪ


ሆሳዕና፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ማራኪ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ቡላው ደርሶኛል፣ ገንፎ አድርጌዋለሁ።

"ልምጣና ልመስክር ወይ?" ብለሽ ደግመሽ ጽፈሻል። አይሆንም። የታንጉትን ስም እዚህ እንዳታነሺ። ፖሊስ ይወስዳታል፤ የሚወስዳትም እኔ ባደረግኩት ነው። ደግሞም አልፏል፤ ማክሰኞ ቀርቤ በራሴ አፍ ተናግሬያለሁ።

ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፋ ሐኪም ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። "ይህ ጎጂ ልማድ መሆኑን ያውቁ ነበር?" አለኝ። አውቅ ነበር አልኩ። "የሥነ ምግባር ደንቡ ስለዚህ የሚለውን ያውቁ ነበር?" አውቅ ነበር አልኩ። "ታዲያ?" አለኝ። ስለ ታንጉት ሽቦ ስሟን ሳልጠራ አስረዳሁት። እኔ እምቢ ብል ልጁ ከመነቀል እንደማይድን፣ በቆሻሻ ሽቦ ከሚሆን በንጹሕ መሣሪያ ይሻላል እንዳልኩ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲለኝ ነበር። "ልጄ፣ ጎረቤት መርዝ ሊያጠጣው ነው ብለሽ አንቺ በመጠን ታጠጪዋለሽ?" አለኝ። "ሴትዮዋ ስትነቅለው ልማድ ነው ይባላል፤ አንቺ ስትነቅዪው ግን ሕክምና ነው ይባላል። ጥፋትሽ እሱ ነው" አለኝ። ትክክል ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው የተወቀሰ ይመስል ቁጭ ብዬ አሰብኩት።

ልጁን ዘጠኝ ዓመት፣ አሥር ዓመት እስኪሆነው ጠብቂው። ከሥር ያለው ቋሚ ክራንቻ ተጎድቶ እንደሆነ ያኔ ነው የሚታወቀው። ይሄንንም ነግሬያቸዋለሁ።

ከመወሰናቸው በፊት ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ። እኔ ማድረጌን አይቶ ወይም ሰምቶ የራሱን ልጅ ያስነቀለ ሌላ ሰው አለ ወይ? ካለ ፈቃዴ አይተርፍም፤ ከሌለ ሊተርፍ ይችላል። ይሄን ስላወቅሽ ብለሽ ግን አትሸፋፍኚልኝ። ሰፈሩን ጠይቂና እውነቱን ጻፊልኝ። የሊያ ልጅ ስንት ወር ሆናት? ድዷ አብጧል ካሉሽ እንዳትነካት በያት። ዶክተሯ ናት ያለችው በያት።

ጵርስቅላ


ሺንሺቾ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጵርስቅላ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለቅሶ ላይ ነበርን፤ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ስንወጣ ስንገባ ጊዜው ሄደ። የሩቅ ሰው ነው፣ አታውቂውም።

የጠየቅሽኝን ጠይቄያለሁ። ማንም የለም። ለኮሚቴውም ይሄንኑ ጽፌ ልኬያለሁ። ጴጥሮስን እረምልኝ ብለው እምቢ ስላለኝ ራሴው ጻፍኩት፤ የፊደል ስህተት ካለበት ይለፉኝ።

ሊያ ደህና ናት። ለጊዜው እናቷ ጋ ሄዳለች።

ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ያው እንደ ወትሮው ነው። ሚክያስ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። ዛሬ ቀልዱ አልመጣልኝም፤ ድካም ነው።

ስለ እኔ ብለሽ በርቺ።

ማራኪ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ማራኪ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። "እውነት ነው ወይ?" ብለሽ አስጠይቀሽኛል። እውነት ነው። ፈቃዴ አልተሰረዘም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፤ ታግጄ የቆየሁበትም እንደ ቅጣት ተቆጥሮልኛል። ለጥቂት ወራት በሌላ ሐኪም ክትትል ሥር እሠራለሁ። ውሳኔውን ሰብሳቢው ነው ያነበበው፤ "በሕፃኑ ላይ እስካሁን የታየ ጉዳት የለም፤ ድርጊቱን አይቶ የተከተለ ሌላ ሰው መኖሩም አልተረጋገጠም" ይላል። ሰኞ ሥራ ጀምሪ ተብያለሁ።

ሂሩት ቤቴ ድረስ መጥታ አለቀሰች። "ደስ ብሎኛል፣ ግን ያየሁትን ዝም ማለት አልቻልኩም" አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ እንደነበር አውቃለሁ። ሂሩትን ከሸኘኋት በኋላ ቁጭ ብዬ ደስታውን ጠበቅኩት። አልመጣም።

ከላይ ያለውን ቤቴ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ይሄን የምጽፈው መናኸሪያ ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ነው። ወንዳፈረው መኪናው እስኪሞላ አብሮኝ ተቀምጦ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ካለኝ በኋላ "ያን ቀን የሊያን ሕፃን ጭኜ ወደ ሆስፒታል ስበር ደጋግሜ ደውዬልሽ ነበር እኮ። ስልክሽ ዝግ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እናቷ እቅፍ ውስጥ አለፈች" አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው። እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ፣ የሱንም ከፈልኩ።

እትዬ፣ የማን ለቅሶ ነበር?

ጵርስቅላ


ሺንሺቾ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጵርስዬ፣

የሊያ ልጅ ለቅሶ ነበር።

አፈር ልብላ። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር። እስኪወስኑልሽ ድረስ ብቻ ብዬ ነው። የፈሩት ይደርሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጅቷን ተቅማጥ ያዛት፣ ድዷም አበጠ። ሊያ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። "እህትሽ ላንቺ ልጅ እንዳደረገችው ለኔም ታድርግልኝ፣ ሆሳዕና ውሰጂኝ" አለችኝ። ደወልኩልሽ፣ ዝግ ነው። "አታገኚያትም፣ አግደዋታል" አልኳት። ይሄው ነው ያልኳት። ተይው፣ አታስነቅያት አላልኳትም፤ የኔው ልጅ ተነቅሎ እያየችው በምን አፌ ልበላት? እሷም ወደ ታንጉት ሄደች። "እንዳትነካት በያት" ያልሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ልጅቷ ተነቅላ ተመልሳለች። ከሳምንት በኋላ አፏ አልከፈት አለ፣ ጡት መያዝ አቃታት፣ አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወንዳፈረው ነግሮሻል።

ለምን ደበቅሽኝ ትያለሽ። ብነግርሽ በማግስቱ ሄደሽ ለኮሚቴው ትናገሪያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ትንሿን ቀብረን ስንመለስ ያንቺን ሥራ ደግሞ ለመቅበር አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ ዋሸሁ። ከለቅሶው ተመልሼ፣ የሊያ እንባ ቀሚሴ ላይ ሳይደርቅ፣ "ማንም የለም" ብዬ ጻፍኩ። ጴጥሮስ ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር ገበታ አይቀርብም። ሊያ ከእናቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ልጄን ሳጠባ እንኳ እንዳታየኝ በሩን እዘጋለሁ። አንጀቴ እያረረ ነው የምኖረው ጵርስዬ።

ተንበርክኬ ነው የምለምንሽ፤ ዝም በዪ። ሰኞ ግቢና ሥራሽን ሥሪ። ልጅቷ አትመለስም። አንቺ ስንት ዓመት ተምረሽ፣ እማዬ ስንት ዓመት ጸልያ ያገኘሽው ነው። ቢያንስ አንቺ ትረፊልኝ።

እህትሽ


ሆሳዕና፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ማራኪ፣

ሰላም ለሁላችሁ። ደጋግመሽ ጽፈሽልኝ ዝም በማለቴ ይቅርታ። ገናንም ሳልመጣ ቀረሁ። የምጽፈው እስኪገኝ እየጠበቅኩ ነበር።

ጀምሪ በተባልኩበት ሰኞ የሄድኩት ክሊኒክ ሳይሆን ኮሚቴው ጋ ነው። የሊያን ልጅ ነገርኳቸው። አንደኛው አባል "ያንቺ ታካሚ አይደለችም እኮ፣ አንቺ አልነካሻትም" አለኝ። እኔ "ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ያኔ አላወቅኩም፣ አሁን አውቄያለሁ" አልኳቸው። ፋይሉን እንደገና ከፈቱት። ትናንት ወሰኑ። ፈቃዴ ለሁለት ዓመት ታግዷል፤ ከዚያ በኋላ ለሙያው ብቁ መሆኔን እንደገና መርምረው ነው የሚመልሱልኝ፣ ከመለሱልኝ። የፈቃዱን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰብሳቢው ቆሞ ጨበጠኝ።

"ተቀይመሽኛል ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልቀየምሽ ሞክሬ ነበር፤ ውስጤ የሚቀየም ነገር አጣሁ። ስለጻፍሽው ነገር ለእህቷ ስትል ነው ብዬ አስረድቻቸዋለሁ፤ አንቺን አይፈልጉሽም። ከጴጥሮስ ጋር ግን ታረቂ። ለሊያ ልጅም እስካሁን አላለቀስኩም። ማልቀስ ይገባኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ለእማዬ አንቺ ንገሪያት። ለሊያ ግን እኔ ነኝ የምነግራት። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። የምነግራትም ይሄን ነው። "ትል የሚባል የለም። ሚክያስን ያዳነው ፈሳሹ ነው። እኔ እያወቅኩ አጥፍቻለሁ፤ እኔ ያንን ባላደርግ አንቺ አትከተዪኝም፣ ልጅሽም ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር።" ብትመታኝም እችለዋለሁ። አላስገባም ካለች በሯ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ፈቃዴ የሄደው ሰዎች ይሄን እንዲሰሙ ነው፤ ቢያንስ እሷ ትስማው።

ጵርስቅላ


ሺንሺቾ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ እህት፣

በሰላም መግባትሽን ሰምቻለሁ። እማዬ ከሄድሽ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት፤ አታስቢ፣ ንዴት ነው፣ ይበርድላታል። ጴጥሮስ ትናንት አብሮኝ በላ። አንዲት ቃል አልተናገረም፣ ግን በላ።

ያን ቅዳሜ ሊያ ጋ ስትገቢ እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የሷ አይሰማኝም። ስትጮህ፣ ስትመታሽ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጅሽን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችሽ፣ "አይዞሽ" አለችሽ። አንቺም ግራ ገባሽ፣ እኔም ግራ ገባኝ። ይቅር ብላሽ ነው አልኩ፤ ጌታን አመሰገንኩ።

ዛሬ ጠዋት መጣች። ሁሉንም ሰምታሻለች ጵርስዬ። ቃል በቃል ደገመችልኝ፤ ትል እንደሌለ፣ ፈሳሹ እንደሆነ፣ ድድ እንደማይነካ። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? "ያገዷት ሰዎች ናቸው ልጄን የገደሏት። እህትሽ ሥራ ላይ ብትሆን ኖሮ በንጹሕ መሣሪያ ትነቅልልኝ ነበር፣ ልጄም እንዳንቺው ልጅ ታድግ ነበር። ዶክተሯ ደግ ስለሆነች ነው ጥፋቱን በራሷ ላይ ያደረገችው።" ጮህኩባት። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሥራውን ጥሎ የነገረሽ አይገባሽም?" አልኳት። "ገብቶኛል" አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብል። "መነቀል የለበትም፣ ገብቶኛል። እሷ ከነቀለችው ግን ምንም አይሆንም።" ቀጥላ ሚክያስን አሳየችኝ፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ያባርራል።

ብቻዋን አልመጣችም። ታናሽ እህቷ ከአንጋጫ መጥታለች፣ ሕፃን አዝላለች። ተቅማጥ ይዞታል፣ ድዱም አብጧል። ታንጉት ጋ ላለመሄድ ምለዋል። ፈሳሹን በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ እያጠጡት ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዱት አልኳቸው፣ እሺ አሉኝ፣ አልተነሱም። ዶክተሯ እስክትመለስ ፈሳሹን እንሰጠዋለን፣ ቢዘገይም እንጠብቃታለን አሉኝ። ፈቃዷን መቼ ነው የሚመልሱላት ብለው ነው የመጡት።

ስልክሽ አሁንም ዝግ ነው። ወንዳፈረው ሊነሳ ነው፣ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው። እነሱ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ ያለቅሳል። ምን ልበላቸው?

ማራኪ